ከሽማግሌዎቹ የቀደመው ትራክተር

ይህን የምጽፈው እናቴን አስፈቅጄ ነው። አባቴ ሳልጠይቀው ፈቅዶልኛል፤ «ብቻ እኔን ትንሽ ቀጠን አድርገሽ ጻፊኝ» ብሏል። ስለዚህ አባቴ ቀጭን ነው። የቀረው ሁሉ እንደሆነው ነው የተጻፈው።

ስሜ ፈቲያ ነው። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ፋርማሲስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ነጭ ጋዋን ለብሼ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ» እያልኩ እውላለሁ። ከጣቶቼ ላይ ሒና ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ሰው ለጌጥ ይመስለዋል። እኔ ግን ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ያለኝን የናፍታ ጥቁረት ለመሸፈን ነበር የምሞቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ እሑድ እሑድ ዘመድ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ፊልም ያያል። እኛ ቤት አሮጌ የእርሻ ትራክተር ነው የሚሰበሰበው። መርካቶ ውስጥ! አንዲት እግር ጎመን የምትተከልበት መሬት በሌለበት! አንዱ ትራክተር መሳለሚያ አካባቢ ያለው ግቢያችን ውስጥ ልብስ ማስጫውን ይዞ ቆሟል፤ ሁለቱ ቡራዩ አጎቴ ግቢ ናቸው። አባቴ ሙዘሚል ሶማሌ ተራ የብሎንና የኩሽኔታ ሱቅ አለው። እሑድ ሲሆን እሱ ሞተር ይፈታል፣ ወንድሜ ከድር ሽቦ ይቀጥላል፣ እኔ ጣቶቼ ቀጫጭን ስለሆኑ የናፍታ ቱቦ አጸዳለሁ። እናቴ ዘይነባ ቀለም ትበጠብጣለች። አልፎ አልፎ ብሩሹን እንደያዘች «ምናልባት ቫልቩ ይሆን?» ትላለች። ሁልጊዜም ቫልቩ ይሆናል። እኛ ግምት ይሆንላታል እንል ነበር።

ሰፈሩ አባቴን «ሙዜ ትራክተር» ይለዋል። ጤነኛ አይደለም የሚሉም አሉ። እሱ ይስቃል፤ የማፍረው እኔ ነበርኩ።

ሐፍረቴ ወደ ውሸት ያደገው ነስሩን ያወቅኩ ጊዜ ነው። ነስሩ ደህና ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ጨርቅ በጅምላ የሚያከፋፍሉ ትልልቅ ነጋዴዎች ናቸው። አንድ ቀን ጁስ ቤት ተቀምጠን «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አለኝ።

«ትራክተር ላይ ናቸው» አልኩት።

«አስመጪ ናቸው?»

የአቮካዶ ጁሴን በረጅሙ ሳብኩ። ዝምታዬን «አዎ» ብሎ ወሰደው፤ እኔም አልመለስኩትም። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ወሬው ከነስሩ ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ አጎቱ ወደ ጋሽ ሸምሱ ተሻግሮ፣ አባቴ መጋዘን ሙሉ አዳዲስ ትራክተር ያለው ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ ሽማግሌ ሊላክ ተወሰነ። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ሸምሱ።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ቁርስ ላይ ጣቷን ቀስራ «ዛሬ በዚህ ቤት ትራክተር የሚል ቃል እንዳልሰማ» አለች። አባቴ «ወላሂ አትሰሚም» አለ። ቃሉን ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። አነሳና አዳመጠ። ፊቱ በራ፤ ከዚያ እናቴን አየና ፊቱን አጨለመ።

«አንድ የታመመ ሰው አለ» አለ። «ምን አለሽ ተራ። ደርሰን እንመለሳለን።»

«ማን ነው የታመመው?» አለች እናቴ።

«አታውቂውም። ሽማግሌ ነው።»

ከድር የመፍቻ ሳጥኑን በጆንያ ጠቅልሎ ቀድሞን ወጣ። እኔ መቅረት ነበረብኝ፤ የሚጠየቀው የእኔ እጅ ነው። አባቴ ግን በሩ ላይ ቆሞ በጆሮዬ «ቱቦ የሚያጸዳልን የለም» አለኝ። በዚያ ላይ ቤት ተቀምጬ ዘጠኝ ሰዓትን መጠበቁ ያስፈራኝ ነበር። ተከተልኳቸው።

የታመመው ሽማግሌ በአሮጌ ዕቃ ገበያው መሐል፣ ቁርጥራጭ ብረት በሚገዙት በሐጂ ኑረዲን ደጅ፣ ከተቆራረጠ በርሜልና ከአልጋ ብረት መሐል ቆሞ ነበር። ማታ ከጭነት መኪና ያራገፉት ነው። ቀለሙ ጠፍቷል፤ ዝገቱን በጣቴ ፋቅ ሳደርገው ግን ከሥሩ አረንጓዴ ብቅ አለ። የኋላ ጎማዎቹ ከእኔ ደረት በላይ ናቸው። አባቴ ዞረው፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዞረው። «እሱ ነው» አለ ለብቻው። «ያው ራሱ ዓይነት።» ለዓመታት ሲፈልገው የነበረው ሞዴል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለምን እሱኑ እንደሚፈልግ ግን ጠይቄው አላውቅም።

በዙሪያችን ቀጥቃጮቹ ከቆርቆሮ ምድጃ ይሠራሉ፤ መዶሻው ጆሮ አያሰማም። ብረት ቆራጩ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የጋዝ ቱቦውን ይዞ ከትራክተሩ አጠገብ ቆሟል።

«ሐጂ፣ ይሄማ አይቆረጥም» አለ አባቴ።

ሐጂ የተገለበጠ ጣሳ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። «ሙዘሚል፣ ይሄ ብረት ነው። ብረት ይቆረጣል።»

«ትራክተር ነው!»

«ትራክተር የሚባለው ሲሄድ ነው።»

«ካስነሳሁትስ?»

ሐጂ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። ጨዋታ እንደሚወዱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «የቀትሩ የዙሁር አዛን ከመሰማቱ በፊት በራሱ እግር ከደጄ ከወጣ፣ በብረት ዋጋ ውሰደው። ካልወጣ ግን ቆራጩ ይጀምራል፤ አንተም እዚህ ተቀምጠህ ታያለህ። እንዳታለቅስ ብቻ።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ከድር ከጎሚስታ አየር መሙያ ለምኖ አምጥቶ ጎማዎቹን ነፋ። እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እየፈታሁ በአፌ እነፋለሁ። አባቴ ዘይት ቀየረ፣ አዲስ ናፍታ ሞላ፣ ባትሪ አሰረ። አራት ሰዓት ላይ ሞከርነው። «ክክክ» ብሎ ዝም። አምስት ሰዓት ላይ ሞከርነው። «ክክ»። አምስት ተኩል ላይ «ክ» እንኳ አላለም፤ ባትሪው ሞተ። ቆራጩ እኛን ለማብሸቅ ብሎ በየመሐሉ እሳቱን ቦግ ያደርግና ያጠፋል። ሥራ የፈታ ሁሉ ከቦናል፤ ሁሉም ምክር አለው።

«የአህያ ሬሳ እየጎተታችሁ ነው እኮ!» አለ አንዱ፤ ተራው በሙሉ ሳቀ።

እናቴ የመጣችው ይሄኔ ነው። ማንም አልጠራትም፤ ማን እንደነገራትም እስከ ዛሬ አላወቅንም። ለሽማግሌዎቹ ያሰፋችውን ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሳ፣ የወርቅ ጉትቻዋን አድርጋ፣ ሰዉን በክንዷ እየከፈለች መጣች።

«ድስት ጥጄ፣ ቤት ጠርጌ፣ እንግዳ እየጠበቅኩ፣ ልጅቷን ጭምር እዚህ ናፍታ ታጥባታለህ? ሽማግሌው በሽተኛ...»

ንግግሯን አቋረጠች። ትራክተሩን አየችው። ቀስ ብላ ተጠጋችና መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈች፤ ትኩሳት ያለው ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው።

«ከየት ነው የመጣው?» አለች።

«ከአዋሽ በኩል ነው አሉ» አሉ ሐጂ።

እናቴ ጉትቻዎቿን አወለቀች። ለእኔ ወይም ለአባቴ ትሰጣለች ስል ቀጥ ብላ ሄዳ በሐጂ መዳፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። «ያዙልኝ» አለቻቸው። ሐጂ ሻያቸውን በአንድ እጅ፣ ጉትቻዋን በአንድ እጅ ይዘው ቀሩ።

«ፈቲያ፣ አየሩ አልወጣም። ከናፍታ ፖምፓው ራስ ላይ ሁለተኛዋን ብሎን ላላ አድርጊ። እሷን አይደለም፣ ከጀርባዋ ያለችውን።»

አላላሁ። ናፍታው አረፋ እያወጣ ፈሰሰ።

«አረፋው ሲያልቅ እሰሪ። ከድር፣ ማኖቬላውን አምጣ።»

ማኖቬላ ሞተር በእጅ የሚዞርበት የተቆለመመ ብረት ነው። ከድር ከፊት ለፊት ሰካው። «አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጋር አድርገው» አለችው። «ከመለሰብህ ይሰብርሃል።» እሷ ራሷ ከሞተሩ ጎን ያለች፣ እኛ ሦስታችን ጠዋቱን ሙሉ ያላየናት ትንሽ ዘንግ ሳበች። ያኔ የሞተሩ እምቅ አየር ተለቀቀና ማኖቬላው እንደ ወፍጮ በቀላሉ መዞር ጀመረ።

«ፍጠን። ፍጠን። አሁንም ፍጠን!» ዘንጓን ለቀቀቻት።

ትራክተሩ አንድ ጊዜ አነጠሰ። ሁለተኛ አነጠሰ። ከዚያ ቀጥ ያለ ጥቁር ጭስ ወደ ሰማይ ተፋና ዱግ ዱግ ዱግ ማለት ጀመረ። ምን አለሽ ተራ በፉጨት ተናጋ። ቀጥቃጮቹ ቆርቆሮውን በመዶሻ ይደልቁት ጀመር። አባቴን ፈለግኩት፤ ትራክተሩን ትቶ እናቴን እያየ ነበር።

«ሐጂ፣ አዛን ብሏል?» አለች እናቴ።

«አላለም» አሉ ሐጂ ጉትቻዋን እየመለሱላት። «ውሰዱት። ከፊቴ ብቻ ዞር አድርጉልኝ።»

አባቴ ወደ ወንበሩ መውጣት ሲገባው እጁን ዘርግቶ ለእናቴ መንገድ ለቀቀ። «አንቺ ንጂው፣ ዘይኔ።»

«ሰው ያየናል፣ ሙዘሚል።»

«ይየን። ይበቃል።»

ምኑ ነው የሚበቃው? አልገባኝም። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በአንድ እግሯ ተንጠልጥላ፣ ሥልሳ ዓመት እንዳልሞላት ሁሉ ወንበሩ ላይ ጉብ አለች። እኔ ከኋላ ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ተቀመጥኩ። ከድር ከኋላ መኪና ለማስቆም፣ አባቴ ደግሞ ከፊት ቀይ ፎጣ እያውለበለበ መንገድ ለማስለቀቅ ተሰለፉ። ፍሬኑ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ማርሹም ከሁለተኛ በላይ አይገባም። ቅዳሜ ቀን፣ በመርካቶ መሐል፣ በሰው እርምጃ ወጣን።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ በሞተሩ ድምፅ ላይ ሳይጮሁ መነጋገር አይቻልም። «የት ተማርሽው?»

«ምኑን?»

«ይሄን!»

እናቴ አንድ ጋሪ በስሱ አለፈችና ሳቀች። እኔ የማላውቀው ሳቅ ነበር። «የመንግሥት እርሻ ላይ! አዋሽ! ይሄንኑ ዓይነት የምነዳ ኦፕሬተር ነበርኩ! በደርግ ጊዜ፣ ጥጥ ላይ!»

«ወጥ ቤት ነበርኩ አላልሽንም?»

«አልኩ! አባትሽ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር! ማጣሪያ ልወስድ ስመጣ አውቆ የማይገጥመውን ይሰጠኛል፤ ተመልሼ እንድመጣ!»

«ታውቂ ነበር?»

«ታዲያስ! አውቄ ነው የምመለሰው!»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። ሙሽራ ሆና መርካቶ የገባች ቀን አንዲት የአባቴ አክስት እጇን ገልብጣ አይታ «ይሄ የሴት እጅ ነው ወይስ የአራሽ?» ብላ በሰው ፊት ሳቀችባት። እናቴ ደንግጣ «ምጣድ ነው፤ ወጥ ቤት ነበርኩ» አለች። ከዚያ በኋላ መመለሻ ጠፋ። ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያውን ትራክተር አባቴ ሲገዛላት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «የማን እብደት ነው ይሄ?» ሲል፣ አባቴ እሷን ቀድሞ «የእኔ» አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእኔ እንዳለ ነው።

ከፊታችን አባቴ ቀይ ፎጣውን እንደ ሰርገኛ እያወዛወዘ «ዘወር! ዘወር በሉ!» ይላል። የጫኝ አውራጆቹ «ሙዜ ትራክተር!» እያሉ ያፏጩበታል። እሱ እጁን ያነሳላቸዋል። ዓይኔ በምን እንደሞላ አላውቅም፤ ለሰው ጭሱ ነው እላለሁ።

በግርግሩ እየተንፏቀቅን ስምንት ሰዓት አልፎ መሳለሚያ ስንደርስ ትራፊክ ፖሊስ ፊታችን ተገተረ።

«እናቴ፣ ያጥፉት! ሰሌዳው የታለ?»

«ካጠፋሁት አይነሳም፣ ልጄ» አለችው እናቴ በትሕትና። «እዚሁ አደባባይህ ላይ ነው የሚያድረው። አጥፊ ካልከኝ ግን አጠፋለሁ። አንተ እንዳልክ።» እጇን ወደ ማጥፊያው ላከች።

ትራፊኩ ከኋላችን ያለውን የመኪና ሰልፍ አየ። ትራክተሩን አየ። ጫፉ የማይታየውን ሰልፍ እንደገና አየ። «አያጥፉ! አያጥፉ!» ብሎ ፊሽካውን ነፍቶ ራሱ ከአባቴ ጎን ሆኖ መንገድ ማስለቀቅ ጀመረ።

ይሄኔ ነው ከኋላ ካለ ነጭ መኪና አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሰው ወርደው ወደ ፊት የመጡት። ነስሩ ፎቶአቸውን አሳይቶኛል። ጋሽ ሸምሱ ነበሩ። መርካቶ እንዳያስረፍዳቸው ቀደም ብለው ወጥተዋል ማለት ነው። ሻሼን እስከ ዓይኔ ጎተትኩ።

«ምን ዓይነት እብድ ነው በዚህ ሰዓት እዚህ ትራክተር የሚነዳ?» አሉ አባቴን።

አባቴ አያውቃቸውም። «ባለቤቴ ናት» አላቸው፤ በኩራት።

ጋሽ ሸምሱ ቀና ብለው እናቴን አዩ። እናቴ በአክብሮት ጎንበስ አለችላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ወደ ሰፈራችን ታጠፍን። ነጩ መኪናም ታጠፈ። በጠባቧ መንገድ ገባን፤ እሱም ገባ። «ይሄ መኪና ምን ሆኖ ነው የሚከተለን?» አለች እናቴ። «ነክቼው ይሆን እንዴ ሳላውቅ?»

«አልነካሽውም» አልኩ። ሻሼን እንደገና ወደ ዓይኔ ጎተትኩ።

በራችን ላይ ቆምን። ነጩ መኪናም ቆመ። አራት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወረዱ፤ በእጃቸው የያዙትን አድራሻ አዩ፣ የቤቱን ቁጥር አዩ፣ እኛን አዩ። አባቴ ቀይ ፎጣውን ከጀርባው ደበቀ። እናቴ ብቻ ናት አእምሮዋ የሠራው። ሞተሩን ሳታጠፋ ከላይ ሆና «እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ፤ እኔ ላቁመውና መጣሁ» አለች።

ሲገቡ እኔ በጓዳ በኩል ዞሬ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። ጋሽ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመጡበትን ጉዳይ ከመናገራቸው በፊት ግን አላስችላቸው አለ።

«አቶ ሙዘሚል፣ እኛ የተነገረን... የትራክተር አስመጪ ናቸው ተብሎ ነበር።»

አባቴ ዓይኑ ወደ መጋረጃው ሄደ። እግሬን አይቷል መሰለኝ። ውሸቱ የማን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ገባው። እኔም ምን ሊል እንደሆነ ገባኝ፤ አፉን ሲከፍት «የእኔ» የሚለው ቃል ሲመጣ ታየኝ።

ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ የምትጠየቀው ልጅ መውጣት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ፤ ናፍታ በናፍታ እንደሆንኩ።

«አባባ፣ ተው» አልኩ። «ጋሼ፣ አስመጪ አይደለም። ብሎን ሻጭ ነው። አስመጪ ነው የተባለው በእኔ ነው፤ አፍሬበት ነው። ውጭ ያያችሁት አሮጌ ትራክተር የእኛ ነው፤ ዛሬ ከመቆረጥ ያተረፍነው። እናቴም ድሮ ኦፕሬተር ነበረች፤ እሱን ዛሬ ነው የሰማሁት።»

እናቴ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ከዚያ ጋሽ ሸምሱ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«እንደ ልማዱ ቀጠሮ የሚጠይቀው የሴት ወገን ነበር» አሉ። «ዛሬ ግን ቀጠሮ የምንጠይቀው እኛ ነን።» ምግብ ሳይቀምሱ ወጡ።

ነስሩ ሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሳም። አልፈርድበትም፤ የተዋሸው እሱ ነው። በአራተኛው እሑድ ግን ያረጀ ሱሪ ለብሶ በራችን ላይ ቆመ።

«ትራክተሩ አይደለም ያናደደኝ» አለኝ። «ሌላስ የደበቅሽኝ ነገር አለ?»

«አለ» አልኩት። «ቡራዩ ሌሎች ሁለት አሉ።»

ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አቃተው። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ የመጡት በወሩ ነው፤ ጋሽ ሸምሱ ከመግባታቸው በፊት ትራክተሩን ዞረው አዩት፣ በከዘራቸው ጎማውን መታ መታ አደረጉና ገቡ። ከልጅ ልጆቻቸው ፊት ግን የእናቴን አነዳድ በእጃቸው እያሳዩ እንደሚያወሩ ሰምቻለሁ።

አንባቢዎቼ፣ የዚያን ቀን ያስደነገጠኝ የውሸቴ መጋለጥ አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ ቤት ኖሬ እናቴን ስለ ራሷ አንድም ጥያቄ ጠይቄያት እንደማላውቅ መረዳቴ ነው። «እማዬ፣ የት ነው?» ብያታለሁ፣ «እማዬ፣ ምን አለ የሚበላ?» ብያታለሁ። «እኛ ሳንኖር ምን ነበርሽ?» ብያት አላውቅም። እናንተስ? በአባቴም ስቀልድ ስኖር፣ ያ ሳቅ ወደ ማን እንዳይሄድ ፊቱን እንደሰጠ አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን ሒናውን ትቼዋለሁ። ደንበኛ ጣቴን እያየ «ምን ነካሽ?» ሲለኝ «ትራክተር» እላለሁ፤ መድኃኒቱን ይዞ ቶሎ ይወጣል።

እናቴ ደግሞ ከረመዳን በኋላ ለከድር እንኳ ሳትነግር መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተመዘገበች። የመጀመሪያው ቀን እኔ ነኝ ያደረስኳት። አስተማሪው የልጅ ልጇ የሚሆን ጎረምሳ ነው። ከትንሿ መኪና መሪ ኋላ አስቀመጣትና «እትዬ፣ መሪ ማለት ይሄ ነው። ዝም ብለው ይያዙት፤ አይፍሩ» አላት።

«እሺ ልጄ» አለችው። «አንተ ካለህማ አልፈራም።»